ጣሳውን ወደ ኪሎ፦ የጥናቶች መለኪያ ሲለያይ

ሰላም ሰላም ከድሬ! ቬንትሌተሩ ከኋላ እየጮኸ ነው፣ ታገሱኝ አቦ። እሱ ከጠፋ እኔም እጠፋለሁ።

ዛሬ ሜታ-አናሊሲስ ነው፤ በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ብዙ ጥናቶችን ውጤት በስሌት ማዋሃድ ማለት ነው። አንዱ ጥናት ውጤቱን በኮኸን ዲ ይነግራችኋል (የሁለት ቡድኖች አማካይ ልዩነት በነጥቦቹ መበታተን፣ በስታንዳርድ ዴቪየሽን፣ ሲለካ)። ሌላው በኦድስ ሬሾ (የአንዱ ቡድን ኦድስ ለሌላው ቡድን ኦድስ ሲካፈል፤ ኦድስ ምን እንደሆነ እመጣበታለሁ)። ሦስተኛው በኮሪሌሽን (ሁለት ነገሮች ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ)። እንዴት አብረው ይደመሩ?

ቀፊራ ገበያ ሂዱ፣ የባቢሌ ለውዝ ግዙ። አንዷ በጣሳ ትሰፍራለች፣ ጎረቤቷ በኪሎ ትመዝናለች። ማን ጋ ይረክሳል? ጣሳውን ወደ ኪሎ ካልመለሳችሁ አታውቁም። ቀላል ነው፣ አይደል? ቆይ! ጣሳው ውስጥ ያለው ከነቅርፊቱ ነው ወይስ የተፈለፈለ? ጢም ብሎ ሞልቷል ወይስ ጎደል ብሏል? ምርቃቱስ ይቆጠራል? (ያለ ምርቃት የሚገዛ ድሬ ውስጥ ካለ ያሳዩኝ።) እነዚህን ሳትገምቱ ጣሳ ኪሎ አይሆንም። ግምታችሁ ከሳተ ደግሞ ሚዛኑ አያድናችሁም።

ወደ ቀመሩ ልገባ ስል ሁሌ የምትጠይቁኝ ነገር መጣ። «ኦድስ ሬሾ 2 ማለት የማለፍ ዕድሉ እጥፍ ሆነ ማለት አይደል?» አይደለም! ማጠናከሪያ ካልወሰዱ 100 ተማሪዎች 60 አለፉ እንበል። ማጠናከሪያ የወሰዱት እጥፍ ካለፉ 120 ሊያልፉ ነው። ከ100! የት ያለ ትምህርት ቤት ነው እሱ? ኦድስ ያለፉት ለወደቁት ሲካፈሉ ነው። 60 ለ40፣ 1.5። እጥፉ 3። 3 ማለት 75 ለ25። ስለዚህ ከ60 ወደ 75 ነው የወጣነው፣ በቃ።

አሁን ኦድስ ሬሾ 2ን ወደ ዲ እንቀይር። ፈጠን ልበል፣ ሎግ ታውቃላችሁ። የ2 ናቹራል ሎግ 0.693። በ0.5513 አባዙት፤ እሱ የ3 ስኩዌር ሩት ለፓይ ሲካፈል ነው። ዲ 0.38 ወጣ። የሎጉን ቫሪያንስም (ግምቱ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚለካውን) በ0.304 አባዙ፣ ይቺን የምትረሱ አላችሁ! ወደ ኮሪሌሽን? ዲን በራሱ አባዙ፣ 4 ደምሩ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፣ ዲን ለእሱ አካፍሉ። 0.19 ገደማ። 4ቷ የምትሠራው ሁለቱ ቡድኖች በቁጥር እኩል ሲሆኑ ነው። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ እስኪ አሁን።

ቅርፊቱስ? ይህ ቅየራ ከማለፍና ከመውደቅ ጀርባ ተከታታይ ነጥብ አለ፣ ስርጭቱም ሎጂስቲክ (ደወል የሚመስል ቅርጽ ያለው) ነው ብሎ ይነሳል። ለፈተና ያስኬዳል። «የተወለደው ወንድ ነው ሴት?» ለሚል ጥናት ግን ከጀርባ ምን ነጥብ አለ? ሶፍትዌሩ ዝም ብሎ ቁጥር ይሰጣችኋል፣ እኔ ግን አልቀይረውም። ሌሎቹንም ቢሆን፣ የተቀየሩትን አውጥታችሁ ስሌቱን አንዴ ድገሙት። መልሱ ከተገለበጠ፣ ውጤታችሁ የቆመው ቅየራው ላይ ነው።