ሥራ የሚያረካው መቼ ነው?

ሄለን፦ እንዴት ከረማችሁ፣ አድማጮቻችን። ዛሬ በየቀኑ ስለምንገባበት ስለዚያው ሥራችን እናወራለን።

ዳዊት፦ ሰው ሁሉ "የምትወደውን ሥራ ፈልግ" ይላል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎችን ሳይ ግን ነገሩ ሌላ ይመስለኛል። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው፤ ሙያውን ከአባት ነው የወረሱት። "ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ?" ያላቸው የለም።

ሄለን፦ ሲሠሩ ግን ደስ ይላሉ።

ዳዊት፦ በጣም እንጂ! ሸማኔው እግሩን ከሽመና ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ድሩን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ መወርወሪያውን ወዲያ ወዲህ ይልካል። ነጩን ሲሠራ ይፈጥናል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ይረጋጋል፤ ባለቀለሙን ክር በጣቱ እየለየ ያስገባል። አንዲት ክር ከሳተች ተመልሶ ይፈታታል። ገዢው ላያያት ይችላል እኮ! እሱ ግን አይቷታል።

ሄለን፦ እርካታ የምለው እሱን ነው። አለቃ ሳይነግርህ ሥራህ ማማሩን ራስህ ስታውቀው። ቢሮ የሚጎድለን ይሄ ነው። ሪፖርቱን ትልካለህ፤ ማን እንዳነበበው አታውቅም።

ዳዊት፦ ልክ ነሽ። ታዲያ ሥራው ያረካዋል ተብሎ የሸማኔው ዋጋ አይርከስ። ለዘመናት የተናቀ ሙያ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። ስድቡ ምን ያህል ቢከፋ ነው!

ሄለን፦ ዛሬም ቀሚሱን አድንቀን ዋጋው ሲነገረን "ኧረ ተወደደ!" እንላለን። ስንት ቀን እንደፈጀ አንጠይቅም።

ዳዊት፦ ወገቡስ? ዓይኑስ? ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ነው የሚውለው። ሥራ ይወደዳል፤ ጤና ግን አይገበርለትም።

ሄለን፦ እሺ፣ ቢሮ የሚሠራው አድማጫችን ከየት ይጀምር?

ዳዊት፦ ሥራው ማን ጋ እንደሚደርስ ይወቅ። ሪፖርቱን የሚጠቀምበትን ሰው ሄዶ "የቱ ጠቀመህ? የቱ አስቸገረህ?" ይበለው። ሸማኔውም ልብሱ ለሠርግ ይሁን ለአዘቦት ካወቀ ጥለቱን በዚያው ልክ ያሳምረዋል።

ሄለን፦ ከሥራ ሰዓት በኋላስ? የእኛ መሥሪያ ቤት የቴሌግራም ግሩፕ ማታ 3 ሰዓትም ይጮሃል።

ዳዊት፦ ድምፁን አጥፊው። ጠዋት ትመልሺላቸዋለሽ፤ አስቸኳይ ከሆነ ይደውላሉ።