ውሃው ሲሸሽ ወፎቹ የት ይረፉ?

የተከበራችሁ የአካባቢያችን ሽማግሌዎች፣ መምህራን፣ ስካውት ባልደረቦቼ፣ ልጆቼ፤ እንደምን አደራችሁ!

ስለ ዓለም የስደተኛ አእዋፍ ቀን ተናገር ተብዬ ተጠራሁ። እኔ ግን የአብያታ ሐይቅ ውሃ ነገር ነው እዚህ ያቆመኝ።

ታስታውሳላችሁ፤ በእኛ ጊዜ ከመንገዱ ወርደን ጥቂት ስንራመድ ውሃው እግራችን ሥር ነበር። አምና በዚሁ ሰሞን ተማሪዎች ይዤ ወረድኩ። ነጩን የሶዳ ቅርፊት እየሰበርን ሄድን፣ ሄድን፤ ውሃ የለም። አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ ሐይቁ የታለ?» ስትለኝ አንገቴን ደፋሁ። በስንት መከራ ጭቃው ዳር ደረስን። ወፎቹ እዚያ ናቸው፤ በሺህ የሚቆጠሩ! ጭልፊት ከላይ ሲያልፍ ሁሉም ባንዴ ተነሡ። ሲዞሩ ጠቆሩ፣ ሲገለበጡ ነጡ፤ ነፋስ እንደሚያገላብጠው ነጠላ። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። መልሰው ሲያርፉ ለዚያችው ልጅ አቅርቦ ማያ መነጽሬን ሰጠኋት። ከድንቢጥ እምብዛም የማትበልጥ ወፍ እያየች፣ «ጭቃውን እንደ ስፌት መኪና ትወጋዋለች» አለችኝ። ያቺ ወፍ 25 ግራም ገደማ ብትመዝን ነው። ወገኖቿ የሚፈለፈሉት በሩሲያ ሰሜን ጫፍ፣ በአርክቲክ ዳርቻ ነው። በሚያዝያ ስትመለስ ስንቋ ከእንዲህ ያለ ጭቃ የለቀመቻቸው ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። ሰውነቷ ውስጥ ስብ ሆነው በረሃውን ያሻግሯታል።

በየስብሰባው ግን «ድርቅ ነው፣ የፈጣሪ ሥራ ነው» ይሉናል። ፈጣሪን ለቀቅ አድርጉት! አብያታ መውጫ የሌለው፣ ጥልቀቱም ትንሽ የሆነ ሐይቅ ነው። የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ፣ የሆራ ቀሎ ወንዝ ከላንጋኖ ሐይቅ የሚያመጡለትን ይጠጣል። ላይኛው ለመስኖ ከተጠለፈ፣ ከራሱም ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ ለሚሆነው ሶዳ አሽ ከተሳበ፣ ምን ይተርፈዋል? ውሃው አንሶ ጨዉ ሲበረታ ዓሣው አለቀ። ጎረቤቱ ሻላ ሐይቅ ውስጥ ባለ ደሴት ላይ እየፈለፈሉ አብያታ ዓሣ ያጠምዱ የነበሩት ፔሊካኖችም ጎጇቸውን ጥለው ሄዱ። ይህን ዓይናችን አይቷል!

«ወፍ አያበላንም» ያሉኝ ባለሥልጣን ነበሩ። ቡልቡላ ሲደርቅ መጀመሪያ የሚጠማው የማን ከብት ነው? የእናንተ አይደለም ወይ?

ገበሬው የውሃ መሳቢያ ሞተሩን ይንቀል አልልም። ማን ስንት እንደሚስብ ይለካ፤ ለሐይቁም ድርሻው ይተውለት። በሐይቁ ዙሪያ ስለሚከሰለው ከሰልና ስለሚዛቀው አሸዋ ከእኔ በኋላ የሚናገሩ አሉ።

ነገ ከንጋቱ 12 ሰዓት እንወርዳለን። ቦቲ ያላችሁ አድርጉ። ውሻ አታስከትሉ፤ ወፎቹ መብላት አለባቸው።