ቁምጣ የሚለበሰው ስንት ዲግሪ ላይ ነው?

ሰላም፣ ሰላም! እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ቁምጣ ነው። አዎ፣ ስለ ቁምጣ! አዲስ አበባ ላይ ቁምጣ ለመልበስ ስንት ዲግሪ ይበቃል?

መልሱን ከወዲሁ ልስጣችሁ፣ እስከ መጨረሻው አላንጠለጥላችሁም። ፀሐይ ላይ የምትራመዱ ከሆነ 20 ዲግሪ ይበቃል። ጥላ ሥር የምትቀመጡ ከሆነ 24 ይሁን። ግን፣ ይቺን "ግን" ያዙልኝ፣ የምታዩት ቁጥር የቀኑን ከፍተኛ ሙቀት አይደለም። ወደ ቤት የምትመለሱበትን ሰዓት ሙቀት ነው። የምትመለሱበትን ሰዓት!

[ስክሪን ላይ፦ የስልክ የአየር ሁኔታ ገጽ፣ 23 ዲግሪና የፀሐይ ምልክት]

ይኸው፣ ኅዳር ነው እንበል። ስልካችሁ 23 ይላል፣ ፀሐይም ሥሎበታል። ቁምጣ ለብሳችሁ ወጣችሁ። ያ 23 ግን የሚገኘው ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ግድም ነው። በዚያው ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ 7 ወይም 8 ዲግሪ ነበር። በአንድ ቀን ውስጥ የ15 ዲግሪ ልዩነት! ፀሐይዋ ስትገባም ሙቀቱ ቀስ ብሎ አይወርድም፣ ይከዳችኋል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ጉልበቱን በእጁ የሚያሻሽ ሰው አይታችኋል አይደል? እሱ የ9 ሰዓቱን ቁጥር አይቶ የወጣ ሰው ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ጋቢና ነጠላ። ይህቺን ምሳሌ በጣም ነው የምወዳት፣ ታገሡኝ።

ጋቢ አራት እጥፍ ነው። ጋቢ ስትደርቡ የሚያሞቃችሁ ጥጡ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእጥፎቹ መሀል ተይዞ የቀረው አየር ነው፤ የሰውነታችሁን ሙቀት አላወጣም ብሎ ይይዘዋል። ነጠላ ግን ስስ ናት። ወደ መስኮት ዘርጉና እዩዋት፣ ማዶው ይታያል። ብርሃን ይገባል፣ ሙቀትም እንደገባ ይወጣል።

አሁን ከተማን እንደ ሰው አስቡልኝ። ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለች፣ አየሯ ወፍራም፣ እርጥበቷ ብዙ። ጋቢ ለብሳለች ማለት ነው፤ ቀን የገባላትን ሙቀት አቅፋ ታድራለች። እዚያ በሐምሌ እኩለ ሌሊት ላይ በቁምጣ ብትወጡ የሚሰማችሁ ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ደግሞ 2,350 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ የአየር ግፊቷ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ነጠላ ነው የለበሰችው። ፀሐይዋ በነጠላዋ አልፋ በቀጥታ ቆዳችሁን ታገኛለች፤ 18 ዲግሪ ላይ ቆማችሁ ትከሻችሁ የሚግለው ለዚህ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ጥላ ስትገቡ ደግሞ ወዲያው ብርድ ብርድ ይላችኋል።

ምሳሌዋ አላለቀችም! ደመናም ጋቢ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ቀን ከ20 እና 21 ብዙ አያልፍም፣ ሌሊቱ ግን 10 እና 11 ላይ ይቆማል። ደመናው ሸፍኖ ስለሚያድር። ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ይጠራል፣ ጋቢው ይገፈፋል፣ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። "በጋ" የሚለው ስም ያታልላችኋል፤ የዓመቱ ብርዳም ጠዋቶች ያሉት በጋ ውስጥ ነው። በሐምሌ ከዋሽንግተን የምትመጡ ወገኖቻችንም ልብ በሉ፦ እዚያ 32 ዲግሪ ትታችሁ ነው የምትነሱት፣ እዚህ የምታርፉት ደግሞ 20 ዲግሪና ዝናብ ላይ። ሻንጣውን በቁምጣ አትሙሉት።

ሳይንሱን በአጭሩ፦ አየር የሚሞቀው በዋናነት ከታች፣ ከመሬት ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ግፊት ስለሚቀንስ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል። በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል። ከትምህርት ቤት ታውቁታላችሁ፣ እንለፈው።

ኧረ ቆይ፣ አላልፍም። ምክንያቱም ኮሜንት ላይ ደጋግማችሁ የምትጠይቁት አለ፦ "ከፍ ባልን ቁጥር ወደ ፀሐይ እንቀርባለን፤ ታዲያ እንጦጦ ከአዳማ መሞቅ አልነበረበትም?" ጥያቄው ጥሩ ነው፣ በርቀቱ እንለካው። ፀሐይ ያለችው 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ነው። እንጦጦ ስትወጡ የቀረባችሁት ሦስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ይህ ምንም ማለት አይደለም። ደግሞ ስሙኝ፦ ምድር ራሷ በዓመት አንድ ጊዜ ለፀሐይ በጣም ትቀርባለች፤ ከሩቁ ጊዜ በ5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትቀርባለች። መቼ መሰላችሁ? በታኅሣሥ ማብቂያ! እኛ ገና ስንቀበል፣ ጠዋት ጠዋት አፋችን እንፋሎት በሚያወጣበት ሰሞን። መቅረብ ቢሆን ኖሮ የሚያሞቀው፣ ገናን በቁምጣ ባከበርን ነበር። ከአዳማ እስከ እንጦጦ ጫፍ 1,500 ሜትር ገደማ ልዩነት አለ። በ6 ተኩል አባዙት፤ ወደ 10 ዲግሪ ይመጣል። አዳማ ላይ የሚመች ቁምጣ እንጦጦ ላይ ያንቀጠቅጣል።

ይህን የጠየቀው ሌላም ሰው ስለማይጠፋ ሼር አድርጉለት፤ ያልተመዘገባችሁም ሰብስክራይብ በሉ።

አሁን ወደ ሥራው። ስልካችሁን ክፈቱና የቀኑን ቁጥር ትታችሁ የየሰዓቱን ዝርዝር እዩ። የመመለሻ ሰዓታችሁን ፈልጉ። 20 ካልሞላ ሱሪ ልበሱ፣ ወይም ስስ ሱሪ ጠቅልላችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱ። ቀጥሎ ነፋሱን እዩ። በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ካለፈ የሚያስፈልጋችሁ ሙቀት በግምት 3 ዲግሪ ይጨምራል፤ ነፋስ እግራችሁን የከበበውን ሙቅ አየር ጠርጎ ይወስደዋል። ባጃጅም እንዲሁ ነው፣ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ነፋሱን ራሱ ይሠራላችኋል። ስልኩ የሚነግራችሁ ደግሞ በጥላ የተለካ ሙቀት መሆኑን አትርሱ፤ የፀሐይዋ ግለት እዚያ ቁጥር ውስጥ የለም።

ቤት ውስጥ ሆናችሁ አትወስኑ! ኮንዶሚኒየም ከሆነ ኮንክሪቱ የሌሊቱን ብርድ እስከ ረፋድ ይይዛል፤ ውጭው ሞቆ እናንተ ሹራብ ትደርባላችሁ። ቆርቆሮ ቤት ከሆነ ተቃራኒው ነው፤ ጣሪያው ፀሐይ እንዳገኘው ይግልና ውጭው የሞቀ ይመስላችኋል። በረንዳ ላይ ወይም ደጅ ውጡ፣ ጥላ ውስጥ ቁሙ፣ እጅጌያችሁን እስከ ክርን ሰብስቡ፣ ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። የክንዳችሁ ፀጉር ከቆመ እግራችሁም ይበርደዋል።

ስለ ጨርቁ፦ ጂንስ ቁምጣ ዝናብ ካገኘው ቶሎ አይደርቅም፣ ጭናችሁ ላይ ቀዝቅዞ ይለጠፋል። ለበልግና ለክረምት ስስ የስፖርት ቁምጣ ይሻላል። በጋ ላይ ጥጥ።

ቅባትም አለ። በየ1,000 ሜትሩ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ አዲስ አበባ ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። ስላልሞቃችሁ አልተቃጠላችሁም ማለት አይደለም። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል። ሰው ፊቱን ይቀባና ቅልጥሙን ይረሳል፤ ቁጥሩ 30 የሆነ የፀሐይ መከላከያ ለቅልጥማችሁ፣ ለባታችሁና ለጉልበታችሁ ጀርባ ተቀቡ፣ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙት።

የመጨረሻው ለሐዋሳና ለባሕር ዳር ተጓዦች ነው። እዚያ ሙቀቱ ማታም ለቁምጣ ይመቻል፣ ችግሩ ትንኝ ነው። ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው፤ ዋናው ወቅቱም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ልክ ለሽርሽር በምትወጡበት ጊዜ። የምታስተላልፈው ትንኝ የምትነክሰው ከምሽት ጀምሮ እስከ ንጋት ነው። ስለዚህ ሐይቁ ዳር የምታመሹ ከሆነ 27 ዲግሪ ቢሆንም እንኳ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቁምጣውን አውልቁ፣ ረጅም ሱሪና ካልሲ አድርጉ።