የሌላ ስቴት ቲኬት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ሲከነክነኝ ስለከረመ ነገር ላወራችሁ ነው፦ ከምንኖርበት ስቴት ውጭ ስለሚቆረጥብን የፍጥነት ቲኬት።

እዚህ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂንያ አካባቢ በእኛ ሰው መሃል አንድ ምክር ይዞራል። «የሌላ ስቴት ነው፤ ተወው፣ አይከተልህም።» ቡና ቤት ትሰሙታላችሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢም ትሰሙታላችሁ። ተናጋሪው ክፉ አስቦ አይደለም፤ የተጨነቀ ወገኑን ማጽናናቱ ነው። ግን ይህ ምክር ስንቱን መንጃ ፈቃድ አሳጥቷል።

ይከተላል። አብዛኞቹ ስቴቶች በፈረንጆቹ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የአሽከርካሪን ጥፋት የሚነጋገሩበት ስምምነት አላቸው። ጆርጂያና ማሳቹሴትስን የመሰሉ ጥቂቶች አልገቡበትም፤ ይህ ማለት ግን እዚያ የተቆረጠ ቲኬት እዚያው ይቀራል ማለት አይደለም። ዜናው የምንኖርበት ስቴት ከደረሰ በኋላ የሚሆነው እንደየስቴቱ ይለያያል። ቨርጂንያ ነዋሪዋ ሌላ ቦታ ጥፋተኛ ከተባለ ፖይንት፣ ማለትም የጥፋት ነጥብ፣ ትይዝበታለች። ኒውዮርክ ደግሞ ሌላ ስቴት ለተፈጸመ ተራ የፍጥነት ጥፋት ፖይንት አትቆጥርም። ኢንሹራንሱ ግን ውል ሲያድስ መዝገቡን ያያል።

ከቅጣቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ዝምታው ነው። ስቴቶች ሌላም ስምምነት አላቸው። ቲኬት ተሰጥቶት ያልከፈለ፣ ፍርድ ቤትም ያልቀረበ ሰው ለሚኖርበት ስቴት ይነገርበታል። የሚኖርበት ስቴት ደግሞ መልስ እስኪሰጥ ድረስ መንጃ ፈቃዱን ያግድበታል። ማስታወቂያው የሚመጣው በፖስታ ነው። አድራሻ ቀይሮ ከሆነስ? ምንም ሳያውቅ በታገደ ላይሰንስ ይነዳል። አንድ ቀን የኋላ መብራቱ ጠፍቶ ፖሊስ ሲያስቆመው ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ቨርጂንያ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ወደ ኖርዝ ካሮላይናም ወደ አትላንታም ስንወርድ የምናልፈው በእሷ ነው። ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ያለፈ፣ ወይም የትም መንገድ ላይ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ የነዳ ሰው በሬክለስ ድራይቪንግ፣ ማለትም በግዴለሽነት በመንዳት፣ ሊከሰስ ይችላል። እስከ 2020 ድረስ ወሰኑ 80 ነበር። 70 በተፈቀደበት ሃይዌይ ላይ እንግዲህ 16 ማይል መጨመር ይበቃል ማለት ነው። ይህ ደግሞ እንደ ተራ የትራፊክ ጥፋት አይታይም፤ ወንጀል ነው። ሕጉ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ይፈቅዳል። በቨርጂንያ የአሽከርካሪ መዝገብ ላይ ለ11 ዓመት ይቆያል።

እንደ ወንድሜ የማየው ልጅ አለ፣ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። ከነቤተሰቡ ወደ ሻርለት ሲሄድ ቨርጂንያ ውስጥ ተያዘ። ወረቀቱን ይዞ ቤት መጣና «የት ነው የምከፍለው? ቶሎ ከፍዬ ልገላገል» አለኝ። አብረን አነበብነው። ወረቀቱ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ሳጥኗ ምልክት ከተደረገባት ፍርድ ቤት ሳትቀርቡ መጨረስ ትችላላችሁ። የእሱ ባዶ ነበረች። የሚከፈል ገንዘብ አልተጻፈም፤ ያለው የፍርድ ቤቱ አድራሻ፣ ቀንና ሰዓት ነው። ከታች ፊርማው አለ። «ፈርሜያለሁኮ፣ አምኜላቸዋለሁ» እያለ ተጨነቀ። አላመነም። ፊርማው በቀጠሮው እቀርባለሁ ማለት ብቻ ነው።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እኛ ወረቀቱን ወይ መሳቢያ ውስጥ እንጥለዋለን፣ ወይ ደግሞ በድንጋጤ ሮጠን እንከፍላለን። መክፈል የሚቻልበት ቲኬት ከሆነ መክፈሉ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ነው። ከከፈላችሁ በኋላ ልከራከር ብትሉ በጣም ይከብዳል። ልጁ እዚያው አካባቢ የሚሠራ ጠበቃ ያዘ፣ የ8 ሰዓት የአነዳድ ትምህርት ወሰደ፣ ክሱም ወደ ተራ የፍጥነት ጥፋት ዝቅ ተደረገለት። ግሪን ካርድ ነበር የያዘው። የዜግነት ማመልከቻው ታስረህ፣ ተከሰህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እና እባካችሁ፣ ገና ዜግነት ያላገኛችሁ፣ በሬክለስ ከተከሰሳችሁ የኢሚግሬሽን ጠበቃም አማክሩ።

ትራክ የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፣ የእናንተ ደግሞ ይብሳል። በትራኩ ላይ ሆናችሁ ከወሰኑ 15 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ማለፍ ከከባድ ጥፋት ይቆጠራል። በ3 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከተፈረደባችሁ 60 ቀን ከሥራ ውጭ ናችሁ፤ ሦስተኛ ከተጨመረ 120። የትም ስቴት ይሁን፣ በግል መኪናችሁም ቢሆን፣ የትራፊክ ጥፋት ከተፈረደባችሁ በ30 ቀን ውስጥ ለአሠሪያችሁ በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ። የፓርኪንግ ብቻ አይቆጠርም። ቤት ኪራዩም፣ አገር ቤት የሚላከውም በዚያች ሲዲኤል፣ በትራክ መንጃ ፈቃዱ፣ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ስንት ነው!

ጆርጂያን ሳልጠቅስ አላልፍም። እዚያ ባለ ሁለት መስመር መንገድ ላይ 75 ማይልና ከዚያ በላይ፣ በሌላው ሁሉ ደግሞ 85ና ከዚያ በላይ የነዳ ሰው ከፍርድ ቤቱ ቅጣት ሌላ 200 ዶላር ለስቴቱ ይከፍላል። ይህ ሂሳብ ለብቻው ነው በፖስታ የሚመጣው። ከፍዬ ጨርሻለሁ ያለ ሰው ሁለተኛውን ደብዳቤ የንግድ ማስታወቂያ መስሎት ይጥለዋል። ካልተከፈለ ግን ጆርጂያ ውስጥ የመንዳት መብቱ ይታገዳል።

ደግሞ ቋንቋ አይያዛችሁ። እንግሊዝኛው ስለገባቸው ሳይሆን፣ ዳኛ ፊት መቆም ስለሚያስፈራቸው ብቻ «ገብቶኛል» ብለው የሚወጡ ታላላቆች አሉን። ቀጠሮው ሳይደርስ ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ቢሮ ደውሉና የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ በሉ። ቨርጂንያ ውስጥ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ገንዘብ አትጠየቁበትም። ልጆቻችሁን ለማስተርጎም ከትምህርት ቤት አታስቀሩ።

የዲሲ የካሜራ ቲኬት ነገርስ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እሱ ፖይንት የለውም፣ የሚላከውም ለመኪናው ባለቤት ነው። በ30 ቀን ካልተከፈለ ግን እጥፍ ይሆናል። በ2024 በወጣ ሕግ ደግሞ ዲሲ የሌላ ስቴት አሽከርካሪዎችን ፍርድ ቤት መክሰስ ትችላለች። እሱን በሚቀጥለው ክፍል እመለስበታለሁ። ጥያቄ ካላችሁ በድምፅ ቀድታችሁ ላኩልኝ።