እጅ የማይገባበትን ማጽዳት

ጤና ይስጥልኝ፣ ከጎንደር ነው። የጠላ ጋን አፉ ጠባብ ነው፤ በግራዋ ታሽቶ ከታጠበ በኋላ በወይራ ይታጠናል፤ እጅ ያልደረሰበት ጥግ ጢሱ ይደርሳል። የቅንጣት ማፋጠኛ ካቪቲን (ቅንጣቶች በሬዲዮ ሞገድ የሚፋጠኑበትን ውስጡ ባዶ የብረት ዕቃ) በፕላዝማ፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ በተለዩበት ጋዝ፣ ማጽዳትም ለእኔ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ካቪቲው ከኒዮቢየም የተሠራ፣ በፈሳሽ ሂሊየም ወደ 2 ኬልቪን የሚቀዘቅዝ ዕቃ ነው። ውስጡ ላይ ዓይን የማያየው ስስ የሃይድሮካርቦን ሽፋን ካለ ኤሌክትሮኖች ከብረቱ ማምለጥ ይቀላቸዋል። ያመለጡት ተፋጥነው ግድግዳውን ሲመቱ ኤክስሬይ ይወጣል፣ ሂሊየሙም ይሞቃል። ያኔ ቅንጣቶቹን የሚያፋጥነውን የኤሌክትሪክ መስክ መቀነስ ግድ ነው። ክሪዮሞጁሉን (ካቪቲዎቹን የያዘውን ማቀዝቀዣ ዕቃ) ነቅሎ፣ ፈትቶ ማጠብ ደግሞ ወራት ይፈጃል።

በአሜሪካ ኦክ ሪጅ ቤተ ሙከራ፣ ባለ 6 ክፍል የ805 ሜጋኸርዝ ካቪቲዎችን ካሉበት ሳይነቅሉ ያጸዳሉ። ካቪቲው መጀመሪያ ወደ ክፍል ሙቀት ይመለሳል። ከዚያ ጥቂት ኦክስጅን የተቀላቀለበት ኒዮን በዝግታ ይገባል፤ ከተቸኮለ አቧራ ያነሳል። ግፊቱ በመቶ ሚሊቶር አካባቢ ነው። በሬዲዮ ሞገድ ፕላዝማው ሲለኮስ ኦክስጅኑ ሃይድሮካርቦኑን ወደ ውሃ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል፤ ፓምፑ ይስበዋል። የጋዝ መለኪያው ላይ የእነዚህ የሦስቱ ሞለኪውሎች ክብደት ቁጥሮች፣ 18፣ 28 እና 44፣ ከፍ ብለው ሲወርዱ ያ ክፍል እየጸዳ ነው፤ ወደ ቀጣዩ ይታለፋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን እሳቱ የት ተለኮሰ የሚለው ነው። ኃይል የሚያስገባው ካፕለር የተሠራው ለቀዝቃዛ ካቪቲ ነው። ሲሞቅ የካቪቲው የጥራት ቁጥር (ኃይልን ይዞ የማቆየት አቅሙ) ወደ 10,000 ገደማ ይወርዳል፤ ከካፕለሩ ጋር አይጣጣምም፣ አብዛኛው ኃይልም ተመልሶ ይንጸባረቃል። ታዲያ ኃይል ሲጨመር ፕላዝማው ካቪቲውን ትቶ ካፕለሩ ላይ ሊነሳ ይችላል። መዳቡን ይልጣል፣ የሴራሚክ መስኮቱንም ያበላሻል። ሌላው የአሜሪካ ቤተ ሙከራ ፌርሚላብ ለባለ 9 ክፍሎቹ የ1.3 ጊጋኸርዝ ካቪቲዎች ዋናውን ካፕለር ትቶ በከፍተኛ ሞድ ካፕለሮች (የማይፈለጉ ከፍተኛ ሞገዶችን ለማውጣት በተሠሩት) የሚለኩሰው ለዚህ ነው፤ እኔም ብልህነት እለዋለሁ።

ፕላዝማው የተነሳበትን ቦታ የሚነግረን ካቪቲው የሚያስተጋባበት ድግግሞሽ ነው። ፕላዝማ ያለበት ክፍል የካቪቲውን ድግግሞሽ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ መጠኑ እንደ ክፍሉ ይለያያል። ከመሃል እኩል የራቁ ሁለት ክፍሎች ግን አንድ ዓይነት ለውጥ ስለሚሰጡ ንባቡ ብቻውን አይለያቸውም።

የብረት ብናኝና ጭረትን ፕላዝማው አያነሳም። ስለዚህ ጋዙ ወጥቶ ካቪቲው እንደገና ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በዚያው በቀድሞው መስክ ኤክስሬዩ ይለካል፤ ካልቀነሰ ጥፋተኛው ሃይድሮካርቦኑ ላይሆን ይችላል።