ፓርኩን ለብቻው አምጡት፦ የዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ መክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ ከሪቨርሳይድ፣ ከሞሬኖ ቫሊና ከፎንታና የመጣችሁ ቤተሰቦች፣ እንኳን ለዚህ ቀን በሰላም አደረሳችሁ። የሌሊት ፈረቃ ጨርሳችሁ ሳትተኙ የመጣችሁ እንዳላችሁ ዓይኖቻችሁ ይናገራሉ። ቡናው ተፈልቷልና በርቱ።

የእድሩን ሒሳብ ገንዘብ ያዣችን፣ የልጆቹን የአማርኛ ትምህርት ጉዳይ ደግሞ ጸሐፊዋ ያቀርባሉ። እኔ የተሰጠኝን ጊዜ እዚህ ደቡብ ካሊፎርኒያ ከመጋዘን ግንባታ ጋር ተያይዞ ለሚቀርብልን ፓርክ ላውለው።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። አልሚው ካርታ ይዘረጋል። ግራጫው መጋዘን ነው፤ ጥጉ ላይ አረንጓዴ የተቀባው ደግሞ የኳስ ሜዳና የልጆች መጫወቻ። ከዚያ በኋላ ስብሰባው ሁሉ ስለ አረንጓዴው ይሆናል። ሪቨርሳይድ አጠገብ፣ በቀድሞው የማርች አየር ኃይል ጦር ሰፈር መሬት ላይ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 የጸደቀው ፕሮጀክት 60 ኤከር ገደማ ፓርክ ተካቶበታል። የአካባቢው ነዋሪዎች ግን አጥብቀው ተቃውመውታል። ፓርክ ጠልተው አይደለም፤ አብሮት የሚመጣውን የጭነት መኪና ቆጥረው ነው።

ከእኛም መካከል «ፓርክ የሚሰጠንን ለምን እንገፋለን?» ያላችሁ አላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የብዙዎቻችን እንጀራ ከመጋዘንና ከጭነት መኪና ነው፤ ከሎስ አንጀለስና ከሎንግ ቢች ወደቦች የሚወጣው ዕቃ በእጃችን ያልፋል። የመጋዘን ሥራ ይቁም የሚል ደብዳቤ ይዤ አልመጣሁም፤ ብይዝም ባለቤቴ ራሷ አትፈርምልኝም።

የያዝኩት ሌላ ነው። በመስከረም 2024 የካሊፎርኒያ ገዥ ጋቪን ኒውሰም የፈረሙት፣ ኤቢ 98 የሚባለው ሕግ፣ አዳዲስ ትልልቅ መጋዘኖች የመጫኛና የማራገፊያ በሮቻቸውን ከመኖሪያ ቤት፣ ከትምህርት ቤትና ከሆስፒታል እንዲያርቁ ያዛል። ርቀቱ እንደ መሬቱ ምድብ 300 ወይም 500 ጫማ ነው። በዋናነት ልጆች የሚጠቀሙባቸው የሕዝብ ፓርኮችም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ቀጥላ ግን አንዲት «ካልሆነ በስተቀር» ትመጣለች፦ ፓርኩ የሚሠራው ለመጋዘኑ ፈቃድ እንደ ቅድመ ሁኔታ ሆኖ ከሆነ፣ ከጥበቃው ይወጣል።

ደግሜ አነበብኩት፤ ያው ነው። ከተማው በራሱ ገንዘብ በሠራው ፓርክ ዥዋዥዌ የሚጫወት ልጅ ከማራገፊያው በር ርቀት ይጠበቅለታል። ከመጋዘኑ ጋር እንደ ምርቃት በመጣው ፓርክ የሚጫወተው ልጅ ግን አይጠበቅለትም። ምርቃት ተብሎ የተሰጠን ነገር ሕጉ ጥበቃውን ያነሳበት መሆኑን ስንቶቻችን እናውቅ ነበር?

ካሊፎርኒያ የናፍጣ ጭስን ብናኝ ከመርዛማ የአየር በካዮች ተርታ ያስገባችው በ1998 ነው። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እዚሁ ጎረቤታችን ያለችውን ሚራ ሎማን ጨምሮ የበርካታ ከተሞችን ልጆች ለዓመታት ተከታትለው፣ በተበከለ አየር ያደጉት ልጆች የሳንባ እድገት ወደ ኋላ እንደሚቀር አሳይተዋል። ሹፌሮቻችን ደግሞ ያለ ጥናትም ታውቁታላችሁ። ማቀዝቀዣ ያለው ተሳቢ ቆሞም ያጉረመርማል፤ ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያሰማው ጩኸት ሌሊቱን ሙሉ ነው። ሞተር አስነስቶ መቆም ከ5 ደቂቃ አይበልጥ ይላል ደንቡ፤ የማራገፊያ በር ተራ ሲጠበቅ ስንት እንደሚሆን እናንተው ንገሩን።

ካርታው ላይ አረንጓዴ የተቀባው ሁሉ ሜዳ ነው ብላችሁም አትመኑ። የጎርፍ ውኃ ማቆሪያው የቱ ጋ ነው? አጥር አለው? ፓርኩ የሚጠናቀቀው መጋዘኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሣሩንስ ማን ያጠጣል?

ተቃውሞ ባዶ እጅ ያስቀራል ለምትሉ፣ ሞሬኖ ቫሊን ተመልከቱ። በ2015 የጸደቀው 40 ሚሊዮን ስኩዌር ጫማ የሚሆነው የመጋዘን ፕሮጀክት በፍርድ ቤት ከተሞገተ በኋላ፣ በ2021 ከአካባቢ ተቆርቋሪ ድርጅቶች ጋር በተደረሰ ስምምነት እስከ 47 ሚሊዮን ዶላር ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችና ለመሳሰሉት እንዲውል ተወስኗል። ስለ አየር የጠየቁ ስለ አየር መልስ አገኙ። ስምምነቱ ሁሉንም አላስደሰተም፤ ከዥዋዥዌ ግን ይሻላል።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው ለከተማው ምክር ቤት የሚላክ ደብዳቤ አዘጋጅቷል። ፓርኩ ከመጋዘኑ ፈቃድ ተነጥሎ ለብቻው ይታይ፣ ማራገፊያ በሮቹም ማንኛውም ፓርክ ሊጠበቅለት የሚገባውን ርቀት ይጠብቁ ይላል። ከሻይ እረፍት በኋላ ድምፅ እንሰጥበታለን። የማትስማሙ በነፃነት ተናገሩ፤ ደብዳቤው ላይ የሹፌሮች ሐሳብ ስለጎደለ በተለይ እናንተን ሳልሰማ አልፈርምም። ጉባኤው ተከፍቷል፤ ገንዘብ ያዣችን ወደ መድረኩ ይምጡልን።