ከፍ ያለው የዘይት መጠን

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሣው በውሃ ስለሚቀዘቅዙ የኢንዱስትሪ ጊርቦክሶች፣ ማለትም የሞተርን ኃይል በማርሾች ስለሚያስተላልፉ ሣጥኖች ነው፤ ይበልጡንም በሥራዬ መጀመሪያ ላይ አይቼው ሳልረዳው ስላለፍኩት አንድ ምልክት።

በአንድ ትልቅ ጊርቦክስ የዘይት ማሳያ መስታወት ላይ ዘይቱ ከተለመደው መስመር በጣት ውፍረት ያህል ከፍ ብሎ አየሁ። ዘይት ሲጎድል መደንገጥን ተምሬ ነበር፤ ሲጨምር ግን ያለፈው ፈረቃ ሞልቶት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። በማግስቱ ዘይቱ ነጭቶ ወተት መስሎ ተገኘ። በዘይቱ ውስጥ የተጠመጠመው የማቀዝቀዣ ቱቦ በዝገት ተበልቶ፣ ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ወደ ውስጥ ሲንጠባጠብ አድሯል።

ለመሆኑ መጀመሪያውኑ የውሃ ቱቦ በጊርቦክስ ውስጥ እንዲያልፍ ያስፈለገው ለምንድን ነው? 500 ኪሎዋት የሚያስተላልፍ ጊርቦክስ ብቃቱ 95 በመቶ ቢሆን፣ የቀረው 25 ኪሎዋት ሙቀት ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ይህን ሁሉ በ10 ዲግሪ ብቻ የሚሞቅ ውሃ እንዲወስደው ከተፈለገ በደቂቃ 36 ሊትር ገደማ መፍሰስ አለበት። ሙቀቱ ካልወጣ ዘይቱ ይቀጥናል፤ በ40 ዲግሪ 320 ሴንቲስቶክስ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) የሆነው ውፍረቱ በ100 ዲግሪ ከአሥር እጥፍ በላይ ይወርዳል፣ በማርሽ ጥርሶች መካከልና በኩሽኔታዎች ውስጥ ብረት ከብረት እንዳይነካካ የሚለየው ስስ የዘይት ሽፋንም ይሳሳል።

ጊርቦክሱ መተንፈሻ ስላለው በውስጡ ያለው ግፊት ከአየሩ ጋር እኩል ነው፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ግን በግፊት ላይ ነው። ስለዚህ ውሃው በግፊት ላይ እስካለ ድረስ ቱቦው ሲበሳ ውሃው ወደ ዘይቱ ይገባል እንጂ ዘይቱ ወደ ውሃው አይወጣም፤ ማሽኑ ቆሞ የውሃው ቫልቭ ክፍት ከሆነ ደግሞ ማንም ሳያይ ይገባል። ማሽኑ ሲቆም ውሃው ይዘጋ የምለው ለዚህ ነው። ቫልቩን እስከ ጥግ መክፈትም ጥንቃቄ አይደለም፤ ከመጠን በላይ የቀዘቀዘ ዘይት ይወፍራል፣ በጊርቦክሱ ውስጥም ከአየሩ እርጥበት ጤዛ ይፈጠራል።

ቴርሞሜትር ብቻውን እንደሚያሳስት የገባኝ ዘግይቶ ነው። ቱቦው ውስጥ ኖራ ሲጋገር አንዱ ቫልቩን ትንሽ ይከፍታል፣ ሌላው ይጨምርበታል፤ የዘይቱ ሙቀት ሳይለወጥ የማቀዝቀዝ ትርፍ አቅሙ ያልቃል። ስለዚህ የዘይቱን ሙቀት ከውሃው መግቢያና መውጫ ሙቀት እንዲሁም ከፍሰቱ ጋር አብሬ እመዘግባለሁ።

የውሃ መስመሩን ከመፍታቴ በፊት ሞተሩን ከኤሌክትሪክ ለይቼ እቆልፋለሁ፣ ውሃውን ዘግቼ ግፊቱን አስተነፍሳለሁ፣ ዘይቱ እስኪበርድም እጠብቃለሁ፤ የጋለ ዘይት ቆዳ ላይ ይጣበቃልና ቃጠሎው ጥልቅ ነው። ውርጭ በሚያሰጋበት ቦታ በቆመ ማሽን ውስጥ ያለውን ውሃ አወጣለሁ፤ ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ ቱቦውን ይሰነጥቃል። ረጅም ጊዜ ከቆመ በኋላ ደግሞ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የታችኛውን ማፍሰሻ ቡሎን በቀስታ አላላለሁ፤ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ፣ ቱቦው ተበስቶ ከሆነ ቀድሞ የሚወጣው እርሱ ነው።